ማዶ ስለ ቀረችው ሙሽራ ለንባብ ቤቱ ኃላፊ

ለቆላ ብርሃን ንባብ ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 2002 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የእኛ ቆላ ሙቀት እንደ እርስዎ ላለ የደጋ ሰው እንደማይራራ ስለማውቅ፣ የቢሮዎ ቬንቲሌተር ዕድሜው እንዲረዝም፣ መብራትም እንዳይጠፋበት ዘወትር እመኛለሁ። እኔ በደሴ መንገድ ዳር ጎማ የምጠግነው ጎሚስታው ለማ ነኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጎማ ስነፋ ኖሬ ራሴን ብመለከተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሌላው ሰው በወጣትነቱ አንብቦ የጨረሳቸውን ታላላቅ የቀድሞ መጻሕፍት የማውቃቸው በስም ብቻ ነው፤ ወሬያቸው በተነሣ ቁጥር እንዳነበበ ሰው ራሴን ስነቀንቅ አንገቴ ደከመ። የግራ ዓይኔ ጠፍቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው፤ ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም ስላለኝ፣ ሳይጨልምብኝ ልድረስባቸው ብዬ ወደ ደጅዎ መጣሁ። ስለተደረገልኝም ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሰዓቱ አመሰግናለሁ። ከተማችን በቀትር ሱቁን ዘግቶ ጥላ ሥር ጋደም ይላል፤ እጃችን ሥራ የሚፈታው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ንባብ ቤቱም የሚዘጋው ልክ ያን ጊዜ ነው። ሰዓቱን ያወጣው ብርድ አገር የተቀመጠ ሰው ነው እያሉ የሚያሙ አሉ፤ እኔ ግን ከሕዝቡ ጋር አብሮ የመተኛት ጉዳይ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

2ኛ/ መጻሕፍቱ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው፣ ቁልፉ በኪስዎ፣ እርስዎም በስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ እስካሁን ሌባም ምስጥም አንባቢም አልደረሰባቸውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ ይባል ነበር፤ የእኛይቱ ላም በመስታወት ትታያለችና ይህን ዕድገት አልክድም።

3ኛ/ ደጅ ስጠና ከርሜ፣ ማንበብ የሚያስፈልገኝ ስለመሆኑ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ። ቀበሌውም በበኩሉ አለማንበቤን የሚያውቅ ምስክር ጠየቀኝ። ጎረቤቴ የሽንኩርት ነጋዴው ኸድር ቀርቦ፣ ወላሂ ይህ ሰው አንድ ቀን መጽሐፍ ሲይዝ አይቼው አላውቅም ብሎ ስለመሰከረልኝ ደብዳቤው ተጻፈልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

4ኛ/ ደብዳቤውን ባቀረብሁ ሰሞን ከበላይ አካል እንግዶች ይመጡ ነበርና፣ ሞዴል አንባቢ ተብዬ ተመረጥሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍም ወጥቶ እጄ ላይ ተደረገ። ለማስመሰል ነበር። እንግዶቹ ግን በደብረ ሲና ጭጋግ ተይዘው እስከ ቀትር ስለዘገዩ እኔ የምሬን አነበብሁ። ክቡር ሆይ፣ ለካ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እያለለት ነው እንደኔ የሚኖረው! በመጽሐፉ ውስጥ የሠርጉ አጃቢዎች ወንዙን ተሻግረው፣ ሙሽራይቱ በበቅሎዋ ላይ እንዳለች ማዶ ቀርታ፣ ጎርፉ እየጨመረ፣ ሙሽራው ልብሱን አውልቆ ወደ ውኃው ሲገባ እንግዶቹ ደረሱ። እርስዎም መጽሐፉ ስለ መስኖ ልማት የተጻፈ መሆኑን አብራሩላቸው፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ሞዴል ነኝና።

እንግዶቹ ወደ ምሳ እንደሄዱ በትእዛዝዎ ዘበኛው ገብረሚካኤል መጽሐፉን ሊወስድ መጣ። በአንድ ጠርዝ እኔ፣ በአንድ ጠርዝ እሱ ያዝነው። ቀስ ብሎ፣ “ልቀቀው ለማ ወንድሜ፤ እኔም ልጆች አሉኝ” አለኝ። ለቀቅሁለት፤ ቁልፉ ሲዞርም አለቀስሁ። እንባዬ እንደ ኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት እንዳይቆጠርብኝ አደራ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የደረስሁበትን ለኸድር አጫውቼው ኖሮ፣ እሱም የሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀምጦ በየጠዋቱ ተሻገረች ወይ ይለኛል። ገና ናት እለዋለሁ። የዓይኔን ነገር መጠየቁን እንኳ ትቶታል።

ስለዚህ ቁም ሣጥኑ በቀትር ለጥቂት ጊዜ እንዲከፈት በትሕትና እለምናለሁ። ይህ ከመመሪያ ውጭ ከሆነም፣ ቀኝ ዓይኔ ግራውን ሳይከተል ሌሎች እንግዶች በቶሎ እንዲጋበዙልን፣ ቢቻልም ጭጋግ ባለበት ቀን እንዲነሡ እንዲደረግ አመለክታለሁ።

መልስዎን በቀረው አንድ ዓይኑ የሚጠባበቅ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣ በሹመትዎ ዘመን የመጀመሪያው ሞዴል አንባቢ፣

ለማ ተክለወልድ
ጎሚስታ

ማሳሰቢያ፦ ቁልፉ ባይገኝ እንኳ ሙሽራይቱ ትሻገር አትሻገር በአንድ ቃል እንዲነግሩኝ ልጠይቅዎ ነበር። ነገር ግን የመጽሐፉ ቅጠሎች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ማንም ሳይገልጣቸው ተጣብቀው ስለነበር፣ በጥፍሬ እየለየሁ እንዳነበብሁ ትዝ አለኝና ተውሁት።