ለትልቋ መኪና የጠበበ በር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ መንደራ ቆጪ

ልጄ ዘይነባ ከአዲስ አበባ ደወለች። ከነባሏ የቅንጦት ጂፕ ሊገዙ ነው፤ ከትንሿና ከትልቋ መምረጥ አቅቷቸዋል።

«እኔ የማውቀው በቅሎ መምረጥ ነው» ብዬ አሾፍኩባት።

«አባዬ፣ የምሬን ነው። ትንሿ እኛንና ልጆቹን ይዛ ትሞላለች። በትልቋ ግን እርስዎንም ዘመድ ጥየቃ ደዶ ድረስ ይዘንዎት እንሄዳለን። ብቻ ስፋቷ ሁለት ሜትር ይደርሳል፤ የግቢዎ በር ያስገባታል?»

«ኧረ አውቶብስም ያስገባል! ትልቋን ግዙ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ በሩን በከዘራዬ ለካሁት። ትንሿ እንኳ ተሻሽታ ብትገባ ነው።

ባለፈው ዒድ መኪናቸውን አስፋልት ዳር ትተው ነበር የመጡት። አማቼ መኪናዋን ለማየት አራት ጊዜ ወጣ፤ የአስር ሰላት ሰዓት ሳይደርስ ተነሥተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አንዱን የበር ምሰሶ መቆፈር ጀመርኩ። ጎረቤቴ ጀማል በአጥር በኩል አየኝና፣ «አባ፣ ምን ጉድ ነው?» አለኝ።

«ላገባ ነው። ሙሽራዋ ወፍራም ናት፣ በዚህ በር አትገባም» አልኩት።

እየሳቀ ሄደ። ትንሽ ቢቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ጉድጓዱ ጉልበቴ ደርሷል፤ ምሰሶው ግን ፍንክች አላለም። ዘይነባ መቼ እንደሚመጡ አልነገረችኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳት።