ክርክራችሁ ስላፈረሰው ወንፈል

ለኢኮኖሚ ቀውስ መንስኤና መፍትሔ አፈላላጊ መድረክ የተከበሩ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ወረታ ድረስ ይዘዋቸው የመጡት ሁለቱ ሊቃውንትም፣ በተለይ ጉሮሯቸው፣ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚያ ቀን እንደዚያ የጮኸ ጉሮሮ ያለ ማር እንደማይሽር ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የተጨነቅሁት ለእርሱ ነው። እኔ የቁሐር ሚካኤል ነዋሪ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሩዜን በወንፈል የማሳርም ሴት ነኝ። ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ እያልን በተራ ነው የምንተራረመው። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ ወገቤን ብቻ ነው የሚያመኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ኑሮው ስለምን እንዲህ እንደ ተወደደ እኛ የምናውቀው ነገር አልነበረም፤ ዘይትና ማዳበሪያ በገዛን ቁጥር እርስ በርስ ተያይተን ኡፍ ከማለት በቀር ሙያ አልነበረንም። እናንተ ግን አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ከየቀበሌው ተወካይ ጠርታችሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ልታስረዱን ደከማችሁ። ከእኛ ቀበሌ የተላኩት መንግሥቴና ታደለ ናቸው፤ የወንፈላችን አውራዎች። እንደ ነገሩን ከሆነ አንደኛው ሊቅ ቀውሱ የመጣው ብር ከልክ በላይ በዝቶ ስለሆነ ይሰብሰብ አሉ። ሁለተኛው የለም፣ ምርት አንሶ ስለሆነ ብድር በገፍ ይለቀቅ አሉ። ከዚያ አንዱ ጠረጴዛ ደበደቡ፣ ሌላው ወረቀታቸውን ወረወሩ፣ ተወካዮቻችንም በየፊናቸው አጨበጨቡ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፩ኛ. ጠቡ የእውነት መስሎን ነበር። በእኛ ቀዬ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአደባባይ እንደዚያ ከተዘላለፉ ሳይታረቁ አያድሩም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ወሬው በስልክ እንደ ደረሰን የደብራችን መሪጌታ ዓለምብርሃን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሊቃውንቱን ሊያስታርቁ ምሳ ወደሚበሉበት ሆቴል ሄዱ። ደርሰው ቢያዩ ሁለቱ ከአንድ ትሪ ጥብስ እየበሉ፣ እየሳቁም ይጎራረሳሉ። ሽማግሌዎቹ ያሰናዱት የዕርቅ ቃል አፋቸው ላይ ቀረ። ብሉ ተብለው ነበር፤ ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ አመስግነው ወጡ። ስለ ጥብሱ ቅሬታ የለኝም፤ ጾም የግል ነው። ነገር ግን ጩኸቱ የእንጀራ ሥራ መሆኑን ጉባኤው ሲከፈት ቢነግሩን ኖሮ ሦስት አዛውንት ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ ባልተንገላቱ ነበር።

፪ኛ. መንግሥቴና ታደለ ያን ትሪ አላዩትም። እነርሱ የባጃጅ መያዣው መንገድ ላይ ቆመው ክርክሩን ቀጥለው ነበርና በአንድ ባጃጅ ሄደው በሁለት ባጃጅ ተመለሱ። መሪጌታ ያዩትን ቢነግሯቸው መንግሥቴ የእርሱ ሊቅ ከዚያ ሰውዬ ጋር እጁን እንደማይታጠብ ማለ፤ ታደለም ስለ እርሱው ሊቅ እንዲሁ ማለ። በማግስቱ ወንፈላችን ለሁለት ተከፈለ፤ ብር በዛ ባዮች ከመንግሥቴ፣ ምርት አነሰ ባዮች ከታደለ። ክርስትና የተነሣሡ ሰዎች ናቸው፤ አሁን በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው።

፫ኛ. ተራው የእኔ ነበር። እኔና ልጄ ፀደይ የሁሉንም ማሳ ዞረን አርመን፣ የቀረው የእኛ ብቻ ነበር። ጠላውን ጠምቄ፣ ንፍሮውን ቀቅዬ፣ ድንበሩ ላይ ቆሜ ብጠብቅ ሰው የለም። ረፋድ ላይ ከሁለቱም ወገን መልእክተኛ መጣ፤ የማን ወገን እንደሆንሁ ሳላስታውቅ እጃቸውን እንደማያውሱኝ ነገሩኝ። እኔ የሩዜ ወገን ነኝ ብላቸው እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ክቡር ሆይ፣ አልደብቅዎትም፣ እዚያው ሩዙ በተኛበት ውኃ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ይህ ማሳ ካልታረመ ዓመቱን ከልጄ ጋር የምበላው የለኝም።

ጠላው ሆመጠጠ። አረሙ ሩዙን በልጦ ሄደ። እኔና ፀደይ ጎንበስ ብለን ብንውልም ከኋላችን መልሶ ይበቅላል። ከቀኝ የመንግሥቴ ወገን ሁለተኛውን ዙር አረም እያረመ ሲዘፍን እሰማለሁ፣ ከግራ የታደለ። ድሮ መንግሥቴ ሲያወጣ የሚቀበለው ታደለ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ነገር እለምናለሁ። ቀጣዩን ጉባኤ እኔ ማሳ ላይ ያድርጉልኝ። አንደኛው ሊቅ በዚህ ድንበር፣ ሁለተኛው በወዲያኛው ድንበር ቆመው እንደ ልማዳቸው ይጩኹ። ደጋፊዎቻቸው መምጣታቸው አይቀርም፤ የገበሬ እጅ ደግሞ ማሳ ውስጥ ቆሞ ሥራ አይፈታም፣ እየሰሙ ያርሙልኛል። ለአዳራሽ ኪራይ የሚወጣ የለም። ምሳውን እኔ አቀርባለሁ፤ ሊቃውንቱ በለመዱት መንገድ፣ በአንድ ትሪ፣ መንግሥቴና ታደለ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩ።

የእናንተን ጠብ ከልቧ ያመነች፣ ለዕርቃችሁም ሽማግሌ ሲላክ ስንቅ የቋጠረች፣ ወገቧ እስኪቀና የምታከብርዎ፣

አገኘሁሽ
ከቁሐር ሚካኤል

ማሳሰቢያ፦ ምርት አንሷል ላሉት ሊቅ የምሥራች ያድርሱልኝ፤ ማስረጃቸው እኔ ማሳ ላይ በመብቀል ላይ ነው። ብር በዝቷል ያሉት ደግሞ የበዛበትን ቤት ቢጠቁሙኝ፣ በመኸር እኔና ልጄ የቀን ሥራ የምንለምነው ከዚያ ነው።