ዌልተን መለያ አገኘች

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዝናብ። ዛሬም የመለያ ኮሚቴ ስብሰባ። ዌልተንን ከሌላው ከተማ የሚለያት ምንድን ነው? ከንቲባ ዱዌይን ፎቶ አሳየን... ሰፊ መንገድ፣ ሃምበርገር ቤት፣ ፍራሽ መሸጫ፣ የመኪና ማቆሚያ። "ከተማችን እንዴት አምሮባታል!" ብለን አጨበጨብን። ለካ ፎቶው የኢንዲያና ከተማ ነው። እኛ ኦሃዮ ነን። ማንም አላፈረም። እኔም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11
ተገኘ! የቬልዳ ምግብ ቤት። ከአሮጌ ባቡር ፉርጎ የተሠራች፣ ወደ ግራ ያዘመመች፣ የኮመጠጠ ጎመን ተድቦልቡሎ የሚጠበስባት። ቬልዳ ሳትሰድብ አታስተናግድም። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ሐሙስ፣ ማርች 13
ልናበስራት ሄድን።
"ወይዘሮ ቬልዳ፣ ከዛሬ ጀምሮ የከተማዋ መለያ እርስዎ ነዎት!"
"እግርህን ጥረግና ግባ፣ ዱዌይን። እናትህ ከብት ነው እንዴ ያሳደገችው?"
"ሰማችሁ? ይሄ የትም አይገኝም!" ፊቱ በራ።
"ጣሪያዬ ያፈሳል። መለያውን ትተህ እሱን አሠራልኝ።"
ማንም አልመዘገበውም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1
ችግር መጣ። በከተማችን ደንብ፣ ጎብኚ የሚመጣበት ቦታ ሁሉ ለስልሳ መኪና ማቆሚያ ሊኖረው ግድ ነው። ከቬልዳ በግራ ነዳጅ ማደያ፣ በቀኝ መድኃኒት ቤት። የነሱን ማቆሚያ መንካት ክልክል። መኪና የማይቆምበት አንድ መሬት ብቻ ቀረ... ቬልዳ ራሷ ያለችበት።
"ደንቡን ብንቀይረውስ?" አልኩ።
ልጆቻችንን ጠብሰን እንብላ ያልኩ ይመስል አፈጠጡብኝ።
"ታዲያ ሰው መኪናውን የት ያቁም?" አለ ዱዌይን።
እውነትም የት ያቁም? እኔም ይፍረስ ብዬ እጄን አወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30
ፉርጎዋን አፈረስናት። ቬልዳ ሽርጧን እንደታጠቀች መንገድ ዳር ቆማ አየች። ዱዌይን አበባ ሰጣት።
"እንኳን ደስ አለዎት! ለዘላለም የእኛ ነዎት።"
አበባውን አየችው። እኛን አየችን።
"ዕድሜዬን ሙሉ ስሰድባችሁ ኖርኩ። ለካ አንሶ ነበር።"
ማታውኑ ልጇ ወደ አሪዞና ወሰደቻት። አበባው መንገድ ላይ ቀረ። የአስፋልት መዳመጫው ማሽን ሄደበት።

ቅዳሜ፣ ጁን 14
የምረቃ ቀን። አስፋልቱ እንደ መስታወት። የቬልዳ ምስል በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ፈገግ ብላ (ስትስቅ ያያት አለ?)። እኔም ሹመት አገኘሁ... አስጎብኚ።
የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ባልና ሚስት፣ ከሚሺጋን። አቆሙ፣ ወረዱ፣ ዞር ዞር አሉ።
"ዝነኛው ምግብ ቤት የት ነው?" አለች ሴትዮዋ።
"ላዩ ላይ ነው ያቆማችሁት።"
ጎንበስ ብላ ከጎማው ሥር አየች። ባልየው ሰዓቱን አየ። ሞተሩን አስነስተው ሄዱ።
ዱዌይን እያለከለከ ደረሰ። "ወደዱት?"
"በጣም" አልኩት። "ወዲያው ነው ማቆሚያ ቦታ ያገኙት።"