ታላቅ ወንድም ያጠበቀው ጎማ

ይድረስ ለልጄ ለሳምራ። ባለሽበት አገር እመብርሃን ከለላ ትሁንሽ፤ እጅሽ የነካውን ትባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። ሶዶ ዝናቡ ገብቷል፤ የጓሮው ጎዳሬም ይዟል።

የአክስትሽ ልጆች ጩማና እስራኤል ጋራዥ መክፈታቸውን ነግሬሽ ነበር። በቀደም ጩማ የአንድ ሚኒባስ ጎማ ገጠመ። መፈተሹ የእስራኤል ሥራ ነው። እሱ ግን «ታላቄ ያጠበቀውን ቡሎን እንዴት እንደገና እነካለሁ? ነውር ነው» ብሎ አሳለፈው። መኪናው ቦዲቲ ሳይደርስ ጎማው ወለቀ። ሰው አልሞተም፤ የሹፌሩ እግር ግን ተሰብሯል። ጩማ «ለምን አላየህልኝም?» ብሎ ታናሹን እስካሁን አኩርፎታል።

በሥራሽ የተጠገነውን አውሮፕላን መጨረሻ ላይ የምታዪው አንቺ ነሽ፤ የሚጠግኑት ደግሞ በዕድሜ አባቶችሽ ናቸው ብለሽኛል። አክብሪያቸው። ግን «ጨርሰናል» ቢሉሽም ጎንበስ ብለሽ እዪ። አባትሽ «ቤቱን ቆልፌያለሁ» ባለ ቁጥር እኔ ተመልሼ ቁልፉን እስበዋለሁ። ክፍት ያገኘሁበትም ቀን አለ፤ አባትሽ ግን ተቀይሞኝ አያውቅም።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ለጊፋታ በዓል ነይልኝ። የምትመጪበትን አውሮፕላን የሚፈትሸውንም ሰው፣ እግዜር ታላቁን የማያፍር ያድርግልኝ።

እናትሽ መሠረት