የአጎትህ ክምር

ብዕሩን የያዘችው ሚስትህ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው። እንደምን ከርመሃል ልጄ? እኛ ደህና ነን።

ከወይን መጭመቂያው የተረፈውን ልጣጭ ከፍግ ጋር ከምረን ማዳበሪያ እያደረግነው ነው። ዘንድሮ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አጎትህ ክምር ነው። «የእኔ ከውስጥ እንደ ምድጃ ግሏል፤ ያንተ ገና ነው» ይለኛል። መከመር ያስተማርኩት እኔ! ትናንት እሱ ሳያይ ሄጄ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩበትና ቆየሁ። ቀዝቃዛ ነው። ድሮም ጉረኛ ነው።

ማታ ሚስትህ «አባባ፣ መዳፍዎ ውሃ ቋጥሯል፤ አላመመዎትም?» አለችኝ። የመንሹ እጀታ ነው አልኳት። ይህ እጅ ዕድሜ ልኩን ሙቀት ሲለካ የኖረ እጅ ነው፤ እሷ ምን ታውቃለች።

በል፣ ደህና ሁንልኝ፤ ቶሎ ና።

አንቺ ደግሞ እስቲ አንብቢልኝ። የመዳፉን ነገር ከጻፍሽው ግን እሱን ዝለይው።