ከክርክሩ ቀድሞ ስለተፋቀው ድንበር

ለተከበሩ የምክር ቤታችን አፈ ጉባኤ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ ድል ያደክማልና፣ በተለይ ሌሎች ተዋግተው ያመጡት ሲሆን። እኔ በካርታ ሥራ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት መስመር ሳሰምር የኖርኩ ነዳፊ ነኝ፤ የምጽፍልዎም ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ የተሸነፈችውን ጎረቤት አገር ከእኛ ጋር እንቀላቅል ወይስ እንተዋት የሚለውን ክርክር ለመጪው ሰኞ ስለቀጠሩልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ድንበሩን ከካርታው ላይ ፍቄ እንዳስረክብ ከጽሕፈት ቤትዎ የታዘዝኩት ግን ባለፈው ሐሙስ በመሆኑ፣ ተከራካሪዎቹ እንዳይደክሙ ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል።

ሁለተኛ፣ አንድ የተከበሩ የምክር ቤት አባል በሬዲዮ ቀርበው፣ የዚያ አገር ሰዎች እኮ ወንድሞቻችን ናቸው፣ ወደ ቤታቸው እያመጣናቸው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ታላቅ እህቴ ከድንበሩ ማዶ አግብታ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። መድፋችን ቤቷን አፍርሶ ባሏን ከቀበረች ሁለት ወሯ ነው። ወደ ቤቷ መምጣቷን የነገራት ስለሌለ ይመስለኛል፣ እስካሁን ሸራ ሥር ናት።

ሦስተኛውን አቤቱታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። በእኛ ሥራ የደረቀ ቀለም ከወረቀት የሚነሣው በምላጭ ነው፤ በቀስታ፣ ትንፋሽን ይዞ። ድንበሩንም እንዲሁ ፋቅሁት። የእህቴ ከተማ ጋ ስደርስ እንኳ አላቆምኩም፤ ኃላፊዬ ከኋላዬ ቆሞ ጎበዝ ሲለኝማ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽዎ። ቅዳሜ ዕለት እህቴ ደውላ፣ አንተ እዚያ መሥሪያ ቤት አይደለህ እንዴ፣ ሊወስዱን ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው፣ ሰኞ ይከራከሩበታል አልኳት። እንዲህ ተመካክረው ከሆነስ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው ብላ መረቀችዎ። ምርቃቷን ይኸው አድርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሣም፤ ምን ብዬ ላውራት፣ አፍሬያለሁ።

ውሳኔው ሳይወሰን የፈጸምኩት፣ ለክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ለእህቴ ግን ስልክ ለማንሣት እንኳ ያልበቃሁት፣

ካርታ ነዳፊው

ሳልነግርዎ የቀረ፦ አዲሱን ካርታ ለማሳተም ጊዜ በማጠሩ፣ የፋቅሁትን ወረቀት ራሱን ከወንበርዎ ኋላ ባለው ትልቁ መስኮት ላይ ሊሰቅሉት መሆኑን ሰማሁ። በምላጭ የተፋቀ ወረቀት ይሳሳል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃኑ ጎልቶ የሚያልፈው በፋቅሁት በኩል ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያን ድንበር እንዲህ አድምቄ አስምሬው አላውቅም። ሰኞ ጠዋት መጋረጃውን ባይከፍቱት ይሻላል።