ጎጎ እኛ ጋ ያደሩበት የበረዶ ምሽት

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ፣ ቮስሎሩስ፣ ደቡብ አፍሪካ

ማታ በረዶ ይጥላል ስለተባለ ስንዘጋጅ ዋልን። ባለቤቴ ተስፋዬ የሱቃችንን ቆርቆሮ በሽቦ አሰረ። እኔ ውሃ ቀዳሁ፣ ሻማ ገዛሁ። አብረን ጸለይን። ፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊት፣ እንደ አገሬው «ጎጎ»፣ አያት፣ የምንላቸውን፣ «ጣራዎ አያስተማምንም፣ እኛ ጋ ይደሩ» አልናቸው። ቤታቸውን ቆልፈው መጡ።

ሊመሽ ሲል በመስኮት ባይ ቤታቸው መብራት በርቷል።

«ጎጎ፣ ቤት ሰው አለ እንዴ?»

«ባሌ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንዲህ ሲበርድ ቤቱን ይጠብቃል።»

ባላቸውን አምና ቀብረናል።

ተስፋዬ አማተበና «ሄጄ ልየው» አለ። እጁን ይዤ ለምኜ አስቀረሁት። ጎጎ ፍራሹ ላይ ተኝተዋል። በረዶው እንደ ጥጥ እየበነነ ያለ ድምፅ መውረድ ጀምሯል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም።

አሁን የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። በሻማ ነው የምጽፈው። የጎጎ ቤት ግን እንደበራ ነው።